አባቴ የዘለለው ሰፈር

ባለፈው እሑድ አንድ ሸጋ ወጣት ሰባኪ፣ ሱፉ ተተኩሶ የሚያብረቀርቅ፣ ኦሪት ዘኍልቍን ከፍቶ ሲያስተምር እስራኤላውያን በምድረ በዳ የሰፈሩባቸው ቦታዎች ከተዘረዘሩበት ምዕራፍ ደረሰና፣ «እንግዲህ እዚህ ጋ ስሞች ብቻ ናቸው፤ ጊዜ እንዳንፈጅ እንለፋቸው» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ስልኳን ትነካካለች። ለሌላውም ሰው ምንም አልመሰለው። ልጁ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ተሻግሮ ላብ እስኪያጠምቀው ሰበከ፤ ጎበዝ ነው፣ ድምፁም መልካም ነው፣ እግዜር ይባርከው። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝና እዚያው ቀረሁ። የቀረሁት ነቀምቴ ከገበያው መውጫ ላይ በነበረው የኪራይ ቤታችን ውስጥ ነው። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ የረጠበ ጋቢ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፣ እናቴም በሩ አጠገብ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች።

የዛሬዋን ነቀምቴ የሚያውቅ ሰው ያቺን ነቀምቴ ባሳየው አያምነኝም። አሁን አስፋልቱ ላይ ባጃጅ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፤ ያኔ በክረምት መንገዱን የሚያውቀው በቅሎ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ጭቃው ካልያዘው ማታ ማታ ይደርሳል። ጡሩምባው ሲሰማ ግማሹ ከተማ ዘመድ ያለው ይመስል ይወጣል። እኛ ልጃገረዶቹ የምንወጣው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሴቶች ምን እንደለበሱ ለማየት ነው፤ ቀሚሱ ከጉልበት ከፍ ካለ እያፈርን፣ ዝቅ ካለ እያዘንን እንመለሳለን። ማዕዘኑ ላይ የጋሽ ሽኩር ሱቅ ነበረች። ጋሽ ሽኩር ጉራጌ ነው፤ ከአገሩ በልጅነቱ ወጥቶ፣ ኦሮምኛውን ከእኛ አሳምሮ የሚናገር፣ ለሁሉም ሰው እንደየሃይማኖቱ «እንኳን አደረሰህ» የሚል። በአሥር ሳንቲም ላምባ ኩባያ ሙሉ ይቀዳልን ነበር፤ በስሙኒ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር ይሰጥና ከላይ አንድ ከረሜላ ይጨምራል። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየረገጠ ከሬዲዮኑ ጋር ያንጎራጉራል። ያ አቡጀዲ በመቀስ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ የእኔን የትምህርት ቤት ቀሚስ እዚያ ታሰፋ ነበር፣ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ጨምራ፤ «ትደርሽበታለሽ» ትላለች፤ እኔ ሳልደርስበት ቀሚሱ አረጀ።

አባቴ ኢተፋ የወንጌል መምህር ነበር። ማኅበረ ምእመናኑ ወደ ፈለገው ቦታ ይልከዋል፤ ዛሬ ቢላ የሚባል አገር ያስተምራል፣ ነገ ዲጋ ይባላል፣ ከነገ ወዲያ ነቀምቴ ና ይባላል። አንድ ቦታ ትምህርቱን ያቆማል፣ አንባቢ ያወጣል፣ ጣሪያ ያስከድናል፣ ከዚያ በቅሎ ይጫናል። ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። በምድረ በዳ ደመናው ከማደሪያው ላይ ሲነሣ ሕዝቡ ይነሣል፣ ሲቆም ይቆማል፤ ደመናውን ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። የሽማግሌዎቹ መልእክት በመጣ ቁጥር ቆቡን አውልቆ ራሱን ይዳስስና «እንግዲህ ደመናው ተነሥቷል» ይላል። እኔና እናቴ ድስት ማጠብ እንጀምራለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእኛ ቤት ንባብ ነበር። አባቴ ከአንድ ሽማግሌ መምህር የተማረው ነገር ነበረ፤ አይሁድ ኦሪትን በዓመቱ ሳምንታት ከፋፍለው፣ ለየሰንበቱ ድርሻ ሰጥተው፣ ዓመት ሲዞር ከዳር እስከ ዳር እንደሚያነቡት። ይህ ነገር ልቡን ወሰደው። እሱም ከፋፈለው። መስከረም ላይ ከፍጥረት እንጀምራለን፣ ጥቅምት ላይ ኖኅ ይሳፈራል፣ ዮሴፍ የሚሸጠው ብርዱ ሲጀምር ነው። የእስራኤል የምድረ በዳ ጉዞ ሁሌም ክረምት ላይ ይውላል፤ ውጪ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ውስጥ እኛ ውኃ ከጠማቸው ጋር። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የማኅበሩ ሽማግሌ፣ በጉልምስናቸው ቡናና ማር በበቅሎ ጭነው ሲራራ የነገዱ፣ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። «እኛ ላይ የሚወርደውን ግማሹን ለእነሱ ቢሰጣቸው ሙሴም ዓለት ባልመታ ነበር» ይላሉ። መጽሐፉ የሚነበበው በአማርኛ ነው፤ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር። አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ለክፍሉ ትንሽ ዕድሜዬ ገፋ ያለ፣ እንደ ጊዜው። እኔ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር አነብና አቆማለሁ፣ አባቴ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል፤ ደግሞ አነባለሁ። አመላለሱ ሲያምር! መጽሐፉ ላይ የደረቀው ነገር በእሱ አፍ ሲያልፍ ይለመልማል። ሰው ሁሉ የሚያምነው በእሱ ኦሮምኛ ነበር፣ በእኔ አማርኛ አይደለም።

እናቴ ጫልቱ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የምትተክለው ግን ብዙ። በደረስንበት ሁሉ መጀመሪያ የምታደርገው ከጓሮ መሬት ቆፍራ አንጮቴ መትከል ነው። ለወለጋ ሰው አንጮቴን አያስተዋውቁትም፤ ለሌላው ግን፣ ሥሩ ተቀቅሎ በቅቤ የሚበላ፣ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ መድኃኒት የሚባል ተክል ነው። አንጮቴ ጊዜ ይፈልጋል። የእኛ ደመና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቢላ የተከለችውን ጎረቤት ቆፈረው፣ ዲጋ የተከለችውን ተተኪው መምህር በላው። «እኔ እተክላለሁ፣ ሌላው ይቀቅላል» ትላለች፣ እየሳቀች። ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ አባቴም ይመስለው ነበር።

ዲጋ ላይ ወንድም ተወለደልኝ። ዋቅጅራ አሉት። በእኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ በልጁ ነው፤ እሱም እሷን ሃዳ፣ የእገሌ እናት፣ ይላታል። አባቴ እስከዚያ ድረስ አባ ቀነኒ ነበር፣ ቀነኒ እኔ ነኝ። ወንዱ ሲወለድ አባ ዋቅጅራ ሆነ፤ እኔ ትንሽ ቀናሁ፣ አልደብቅም። ሕፃኑ ግን ሳይጠመቅ፣ ገና ፈገግታ ሲጀምር፣ ትኩሳት ያዘውና ሞተ። እንዲህ ላለ ጨቅላ ለቅሶ አይቀመጡም ነበር። «ያልጠና ነው፣ ሌላ ይሰጣችኋል» ይባላል፤ ሴቶች እናቲቱን አይዞሽ ብለው ይሄዳሉ፤ ያበቃል። አባቴ ከጸሎት ቤቱ አጥር ሥር በገዛ እጁ ቆፍሮ ቀበረው፤ በማግስቱ ፊደል ሲያስቆጥር ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ደመናው ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ ስንባል፣ የዲጋ ምእመናን ፊት ቆሞ አመሰገነ። የሚሄድ ቤተሰብ ፊት ለፊት ይቆማል፣ አባወራው የመጣበትን መንገድ ሰፈር በሰፈር ይተርካል፣ ጌታ በየቦታው ያደረገለትን ይናገራል፤ ልማዱ ነው። አባቴ ዲጋን ሲናገር «እዚህም ከነቤተሰቤ በሰላም ጠብቆኛል» አለ። እናቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ እንደገና አባ ቀነኒ ሆነ፤ የሕፃኑን ስም ከቤታችን ውስጥ ማንም አላነሣውም።

እና ነሐሴ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ መልእክት መጣ። መስከረም ሲጠባ ወደ ኑኑ ቁምባ። አባቴ ቆቡን አወለቀ፣ ራሱን ዳሰሰ። ሳይናገር እናቴ ቀደመችው።

«አኒ ሂንዴሙ» አለች። እኔ አልሄድም።

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን፤ ድስቱም አልታጠበም፣ ጆንያም አልወጣም። ያን ጊዜ ሚስቱ አልከተልም ያለች የወንጌል መምህር ምን ይሆናል? ብቻውን ቢሄድ «ቤቱን ያላስተዳደረ እኛን ያስተዳድራል?» ይሉታል፤ ቢቀር መምህርነቱ ያበቃል። እሷም ብትቀር፣ ባሏ ትቷት የሄደ ሴት ትባላለች። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። አባቴ ለምን ብሎ ሲጠይቃት «ደክሞኛል» ብቻ ትለዋለች፤ እሱም እውነት ድካም መስሎት በቅሎ ጨምሬ እከራያለሁ ይላል። ወንዶች አንዳንዴ እንዲህ ናቸው።

በዚያው ሳምንት የኦሪቱ ክፍል የጉዞው ዝርዝር ሆነ። አባቴ መርጦ አይደለም፤ ተራው ነበር። ቤቱ ሞልቷል፣ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ በሩ አጠገብ ሰሌን ላይ። ጋሽ ሽኩር ሳይቀር ላምባ ሊያደርስ መጥቶ ዝናቡ አስቀርቶት ደፉ ላይ ቆሟል። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ምዕራፉ ሲከፈት ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ጉዞውን እንደጻፈ ይናገራል፤ ከዚያ እስራኤል በግብፃውያን ሁሉ ፊት ሲወጡ፣ ግብፃውያኑ ደግሞ የሞቱባቸውን የበኵር ልጆቻቸውን ይቀብሩ እንደነበር። አነበብኩና አቆምኩ። አባቴ መለሰው፤ መውጣታቸውን አሳምሮ ተናገረ፣ እጃቸው ከፍ እንዳለ፣ እንዴት እንደ ኮሩ። መቀበሩን ግን አላለውም። ረስቶት መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። በጣቱ ቀጥዪ አለኝ። ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ስም ነው። ከዚህ ተነሡ፣ እዚያ ሰፈሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆም እላለሁ፣ ሲቀንስ እቀጥላለሁ። ኦቦ ዲንሳ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱ ስም ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በየሰፈሩ ራሳቸው በቅሎ ያራገፉ ይመስል። ዝርዝሩ መሃል ላይ አሮን ይሞታል፤ ያን አባቴ በሙሉ ተናገረው፣ ሴቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። ስንጨርስ ትምህርቱን ሰጠ። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ዛሬም ሳስተምር ብውል ከዚያ የተሻለ አላመጣም። «አያችሁ» አለ፣ «ብዙዎቹ ቦታዎች ላይ ምን እንደተደረገ አልተነገረም። ባሕር አልተከፈለባቸውም፣ መና አልወረደባቸውም። ሰው ውኃ ቀድቶ፣ ልጅ አስተኝቶ ያለፈባቸው ናቸው። ግን እግዚአብሔር አጻፋቸው። በእሱ ዘንድ የሚዘለል ሰፈር የለም። እናንተም የኖራችሁበት ቀን ሁሉ፣ ምንም ያልሆነበት የሚመስላችሁም፣ በፊቱ አለ።» ከዚያ እንደ ልማዱ ጥያቄ ያለው ካለ አለ።

ሴቶች አይጠይቁም ነበር። የከለከላቸው የለም፤ ብቻ አይጠይቁም። እናቴ ከሰሌኑ ላይ ሳትነሣ ተናገረች።

«አባ ዋቅጅራ።»

ከዲጋ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። መጽሐፉ ከጭኔ ሊወድቅ ነበር።

«ቀነኒ መጀመሪያ ላይ ያነበበችውን ለምን ተዉት?» አለችው። «አማርኛዬ የገበያ ነው፤ መቅበር ማለት ግን አውቃለሁ። የፈርዖን አገር ሰዎች ልጆቻቸውን ሲቀብሩ ተጽፏል። እርስዎ አለፉት።»

«ዋናው ነገር እሱ ስላልሆነ ነው፣ ሃዳ ቀነኒ» አለ አባቴ።

«የጠላት ልጅ መቀበሩ እንኳ ተጽፏል። አሮንም ተጽፏል።»

«አሮን ካህን ነበር እኮ።»

«የኔ ልጅ ካህን ስላልሆነ ነው?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እርስዎ ዲጋ ላይ ቆመው በሰላም ጠብቆናል አሉ። እኔ ሰማሁ። ልጄን አጥር ሥር ትቼ፣ በሰላም ተባለልኝ። አሁን ኑኑ ቁምባ እንሂድ ይሉኛል፤ ነቀምቴንም ሲሰናበቱ እንዲሁ ይቆጥራሉ፣ ቢላ፣ ዲጋ፣ ነቀምቴ፣ በሰላም፣ በሰላም። እኔ አልችልም። ማሎ፣ እርስዎ የዘለሉት ሰፈር ላይ ነኝ እኔ። ከዚያ አልተነሣሁም።»

ማሎ ማለት እባክዎ ነው፤ ግን ከእባክዎ ይበልጣል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ እናቴን አይደለም፣ አባቴን ነበር የማየው፤ ስወደውም ስናደድበትም ትዝ ይለኛል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። የተናገሩት ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። አልገሠጹትም፣ እሷንም ዝም በይ አላሏትም። «ኢተፋ» አሉ ለስለስ ብለው፣ «ልጅቷ እንደገና ታንብባትና አንተም መልሳት።»

አነበብኩ። አባቴ ጀመረ፤ መውጣታቸውን ተናገረ፤ ከዚያ «ግብፃውያን» አለ፣ «ልጆቻቸውን» አለ፤ መቅበር የሚለው ላይ ሲደርስ ተነሥቶ በጓሮ በኩል ወጣ። ዝናቡ ውስጥ ከአንጮቴው መደብ አጠገብ ባዶ ራሱን ቆሞ በመስኮት አየሁት። እናቴም አየችው። ጋቢውን አንሥታ ወጣችና አለበሰችው፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልሰማሁም፣ ብሰማም አልነግራችሁም።

እሄዳለሁ ግን አላለችም። መስከረም ጠባ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞላው፣ በእኛ ቤት አንድ ጆንያ አልታሰረም። የስንብቱ እሑድ ደረሰ። እናቴ የተሻለውን ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ ትቁም አትቁም ማንም አያውቅም፤ ሴቶቹ በጎን ያዩዋታል። ስንጠራ ተነሣች፣ አጠገቡ ቆመች፤ እኔም ከእሷ ቀጥዬ። አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ጀመረ። ቢላን ተናገረ፣ ጣሪያ ሲከደን ማኅበሩ ያመጣውን ሣር፣ መጀመሪያ ያነበበችውን ባልቴት። ከዚያ ዲጋ አለ። እኔ የእናቴን እጅ ያዝኩ።

«ዲጋ ላይ ልጅ ተወለደልን» አለ አባቴ። «ሞተ። እኔ ቀበርኩት። ከዚያ ሕዝብ ፊት ቆሜ በሰላም ጠብቆኛል አልኩ። ዋሸሁ። እምነት መስሎኝ ነበር። ሚስቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ እኔም አላስቀመጥኳትም። ዛሬ ዲጋን መቁጠር አለብኝ፤ ዲጋ ላይ አልቅሰናል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል፣ እናንተም እወቁ።»

የሚቀጥለው ነቀምቴ ነበር፣ ግን አልደረሰበትም። ከሴቶቹ ወገን አንዲት አዛውንት ተነሥተው እናቴን አቀፏትና ጮኸው አለቀሱ፤ ቤቱ ሙሉ ተከተላቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለወንድሜ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ለስንብት የተዘጋጀው ምሳ ወደ እኛ ቤት ተወሰደ፤ ሰው ሁሉ መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ትናንት እንደሞተ። የሞተው ሕፃን ቢኖር በእግሩ የሚሮጥ ልጅ በሆነ ነበር፤ ያንን ማንም አላነሣም። ጋሽ ሽኩር ለቤተ ክርስቲያን በዓል ሱቅ ዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ዘጋ፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ እሱም ከአገሩ የተለየ ሰው ነው፣ ማን የት እንደቀረበት ማን ያውቃል። የጎረቤት ሴቶች ምሳው ለለቀስተኛው አልበቃ ሲል ከጓሮው የእናቴን አንጮቴ ቆፈሩ፤ ደርሶ ነበር። ቀቅለው፣ ቅቤ አፍስሰው፣ የመጀመሪያውን ለእሷ አቀረቡላት፣ እንደ አራስ። በላች። ባዕድ ያልበላውን የገዛ አንጮቴዋን በላች።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ድስቶቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፍተዋል። እናቴ ጆንያ እየሰፋች ነው።

ኑኑ ቁምባ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በቅሎዎቹ ደክመዋል፣ እኔም ደክሜአለሁ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ነው። የጎረቤቷ ሴት፣ አዴ ብርቄ፣ በቅል ውኃ ይዛ መጣች፤ «አካም ጅርቱ» ብላ ሁላችንንም ሰላም አለች፤ ለእናቴ አቀበለቻት፤ ከዚያ ሴት ለሴት የሚጠየቀውን ጠየቀች።

«ልጅሽ ይቺው ናት?»

«ይቺ አለች» አለች እናቴ። «ወንዱ ዲጋ ነው።»

«ለትምህርት ቀርቶ ነው?»

«አይ፣ ትንሽ ነው። እዚያው ነው ያረፈው።»

አዴ ብርቄ ገባት። ቅሉን ተቀብላ ቀስ ብላ ስሙን ጠየቀች። እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል፣ አባቴ ከበቅሎው ያወረደውን ጭነት በትከሻው እንደያዘ ዞር አለ።

«ዋቅጅራ» አላት። «ዋቅጅራ ኢተፋ።»